የሆለታ ጽጌረዳ ቅርብ ነው፤ ንጹሕ ነው ወይ?

በ2017 ዓ.ም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አጸደቀ። ከዚያ ወዲህ ፕላስቲክ የተባለ ነገር ሁሉ መነጋገሪያ ሆኗል። አበባ መሸጫዎችም ከወሬው አላመለጡም። አንዱ «እኛ በወረቀት ብቻ ነው የምንጠቀልለው» ይላል። ሌላው «አበባችን የሀገር ውስጥ ነው፤ ለአካባቢ ተስማሚ ነው» ብሎ ይለጥፋል። ሰርግ የሚደግሱ ጥንዶች ደግሞ «ትኩሱ ይሻላል ወይስ ደጋግሞ የሚያገለግለው የፕላስቲክ አበባ?» እያሉ ይከራከራሉ።

ክርክሩ መነሣቱ ጥሩ ነው። ችግሩ፣ በየቦታው የሚጠቀሰው ምክር ባብዛኛው ለሌላ ሀገር ሰው የተሰጠ መሆኑ ነው። «በአቅራቢያህ የበቀለውን ግዛ» ማለት ለለንደን ወይም ለኒውዮርክ ነዋሪ ትርጉም አለው። ለአዲስ አበባ ሰው ግን ብዙም አይነግረውም። የሚገዛው ጽጌረዳ ድሮም የሚመጣው ከሆለታ፣ ከሰበታ፣ ከሱሉልታ ወይም ከቢሾፍቱ አካባቢ ነው። ርቀቱ አስቀድሞ ተፈትቷል። ያልተፈታው ሌላው ነው፦ እንዴት በቀለ? በምን ላይ ተሰካ? ከድግሱ በኋላስ የት ተጣለ?

ምክሩ የመጣው ከየት ነው?

አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው የተቆረጠ አበባ አብዛኛው ከኮሎምቢያና ከኢኳዶር በአውሮፕላን የሚገባ ነው። ይህ ያላስደሰታቸው አብቃዮችና አበባ ሻጮች እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ አንድ ንቅናቄ አስፋፉ። ሐሳቡ ቀላል ነው። አበባን በየወቅቱ፣ ከቅርብ ገበሬ፣ ያለ ብዙ ኬሚካል መግዛት። ከዚያ ጋር «የካርቦን አሻራ» የሚለው ቃል አብሮ ገባ። የካርቦን አሻራ ማለት አንድ ዕቃ ተመርቶ፣ ተጓጉዞና አገልግሎ እስኪጣል ድረስ ምክንያት የሚሆንበት የሙቀት አማቂ ጋዝ ድምር ነው።

ይህ ድምር በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ ቢሆን ነገሩ ቀላል በሆነ። ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 የእንግሊዙ ክራንፊልድ ዩኒቨርሲቲ ለእንግሊዝ ገበያ የሚቀርቡ የኬንያና የሆላንድ ጽጌረዳዎችን አነጻጸረ። 12,000 ፍሬ የኬንያ ጽጌረዳ፣ የአውሮፕላኑ ጉዞ ተጨምሮበትም፣ 2.2 ቶን ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስወጣ። ያንኑ ያህል የሆላንድ ጽጌረዳ 35 ቶን ገደማ። ልዩነቱን ያመጣው የሆላንድ ግሪን ሃውስ በብርዱ ወራት የሚፈልገው ማሞቂያና መብራት ነው። የኬንያ አበባ በሚበቅልበት ናይቫሻ ላይ ያን ሥራ ፀሐይ በነጻ ትሠራዋለች።

ጥናቱን ያስጠናው አበባ አቅራቢ ድርጅት መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም። የሆላንድ አብቃዮችም ከዚያ ወዲህ የኃይል አጠቃቀማቸውን ቀይረዋል። ቁጥሩን እንደ ወንጌል መያዝ አይገባም። ነጥቡ ግን አሁንም ይሠራል፤ ቅርብ የሆነ ሁሉ ዝቅተኛ አሻራ አለው ማለት አይደለም።

ሆለታ ምን አላት?

ሆለታ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆናችን የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይለዋወጥም። ቀኑ ፀሐያማ ነው፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ቅዝቃዜው ጽጌረዳዋን ቀስ ብላ እንድታድግ ያደርጋታል። ቀስ ብላ ያደገች ጽጌረዳ እምቡጧ ትልቅ፣ አንገቷ ረጅም ይሆናል። ዝዋይ (ባቱ) ዝቅ ብላ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አበባው ቶሎ ይደርሳል። ምርቱ ብዙ ነው፤ እምቡጡ ግን አነስ ይላል። በሁለቱም ቦታ ማሞቂያ የሚባል ነገር አያስፈልግም።

በዚህ ላይ ወደ ቦሌ ያለው መንገድ አጭር ነው። ማለዳ የተቆረጠ አበባ በማቀዝቀዣ መኪና ወደ አየር ማረፊያ ይሄዳል፤ ሌሊቱን ይበርራል። ብዙው የሚያርፈው ሆላንድ ነው። ኢትዮጵያ ከኬንያ ቀጥላ የአፍሪካ ሁለተኛዋ አበባ ላኪ የሆነችው በዚህ መንገድ ነው። ዘርፉ ወደ ሥራ የገባው በ1990ዎቹ (ዓ.ም) መጀመሪያ ነው፤ ገና ወጣት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጥ ጽጌረዳ ደግሞ አውሮፕላን ላይ አይወጣም። ማሞቂያ የለም፤ በረራም የለም። ሁለቱ ትልልቅ የካርቦን ምንጮች ከሒሳቡ ወጡ ማለት ነው። በካርቦን ብቻ ከተመዘነ የከተማችን ጽጌረዳ በጣም ጥሩ ደረጃ ላይ ነው።

ለእኛ የሚቀረው የትኛው ነው?

እርሻዎቹ አበባ የሚያበቅሉት ለውጭ ገበያ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ይለያል፦ በዘንጉ ርዝመት፣ በእምቡጡ መጠን፣ በቅጠሉ ጤንነት። አንገቱ የተጣመመ፣ ያጠረ፣ ቀድሞ የፈካ ወይም ግራጫ ሻጋታ የነካው ከመስመር ይወጣል። ከዚህ ውስጥ የተሻለው ወደ አዲስ አበባ ባልዲዎች ይመጣል። የቀረው ብስባሽ ይሆናል ወይም ይጣላል።

ይህን እንደ ስድብ የሚያዩት አሉ። «ጥሩው ለነጭ፣ ውዳቂው ለእኛ» ይላሉ። ከአካባቢ ጥበቃ አንጻር ካየነው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ውኃውም፣ ማዳበሪያውም፣ ጉልበቱም ወጥቶበታል። ዘንጉ ስላጠረ ብቻ ከሚጣል አንድ ቤት ውስጥ ሳምንት ቢቆይ ይሻላል። አጭር ዘንግ ለትልቅ መድረክ አይመች ይሆናል፤ ለምግብ ጠረጴዛ ግን እንዲያውም ይመረጣል።

ችግር የሚፈጠረው በወቅት ነው። የእኛ ሰርግ የሚበዛው በጥር ነው። የአውሮፓ የፍቅረኞች ቀን አበባ የሚጫነው ደግሞ በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ ነው። ሁለቱ ፈላጊዎች ይገጣጠማሉ። እርሻው በውጭ ምንዛሪ የሚከፍለውን ያስቀድማል፤ እዚህ ዋጋው ይሰቀላል። በክረምት ተቃራኒው ይሆናል። አውሮፓ በጋ ላይ ናት፣ የራሷ ጓሮ ያብባል፣ ፍላጎቷ ይቀንሳል። እኛ ደግሞ በዝናቡና በፍልሰታ ጾም ምክንያት ብዙም አንድርም። አበባ በሚተርፍበት ሰዓት ደጋሽ የለም።

ወንዙ ዳር የሚቀረው ሒሳብ

ክርክሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አበባው ይሄዳል፤ ያደገበት ውኃ፣ ፍሳሽና የፕላስቲክ ጣሪያ ግን እዚሁ ይቀራል። ለአውሮፓ ገዢ «ቅርብ» ማለት ጥሩ ነገር ነው። ለሆለታና ለሰበታ ነዋሪ ቅርብ ማለት ጉዳቱም ቅርብ ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ ውኃ። በኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ አካባቢ የተሠራ ጥናት አንድ ፍሬ ጽጌረዳ ከ7 እስከ 13 ሊትር ውኃ እንደሚፈልግ አስልቷል። 20 ፍሬ ባለው አንድ እስር ሲባዛ ከ140 እስከ 260 ሊትር ነው። በብዙ ሰፈር ቧንቧ በፈረቃ ለሚመጣበት ከተማ ይህ ቀላል አይደለም። ግን ውኃው ከየት ተቀዳ የሚለው ልዩነት ያመጣል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። አንድ ሄክታር የግሪን ሃውስ ጣሪያ ይህን ዝናብ ቢሰበስብ 10,000 ሜትር ኩብ ገደማ ይሆናል። የሚያስፈልገውን ሁሉ ባይሸፍንም ትልቅ ድርሻውን ይሸፍናል። ዝናብ አጠራቅሞ፣ የተረፈውንም አጣርቶ መልሶ የሚያጠጣ እርሻ እና ቀጥታ ከወንዝ ወይም ከጉድጓድ የሚስብ እርሻ አንድ አይደሉም። አበባው ግን ባልዲ ውስጥ ሲታይ አንድ ነው።

ቀጥሎ ኬሚካል። ጽጌረዳ ተባይ ይወዳታል። ቀይ ሸረሪት የሚባለው ተባይ፣ የቅጠል አመዳይና ግራጫ ሻጋታ ዋና ጠላቶቿ ናቸው። ምግብ ስላልሆነች የሚረጭባት መድኃኒት እንደ ቲማቲም በቅሪት መጠን አይገደብም፤ የአውሮፓ ኅብረትም ቢሆን ለተቆረጠ አበባ የቅሪት ጣሪያ አላወጣም። በቤልጂየም የሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ገበያ ላይ ያሉ እቅፍ አበባዎችን ሲመረምሩ ከ100 በላይ ዓይነት የፀረ ተባይ ንጥረ ነገሮች አግኝተዋል። በጣም የሚጋለጡትም ቀኑን ሙሉ በባዶ እጅ አበባ የሚነኩ ሻጮች መሆናቸውን ተናግረዋል። ከዚህ የሚወጣው ተግባራዊ ነገር ግልጽ ነው። አበባ የሚያሰናዳ ሰው ጓንት ያድርግ። ኬክ ላይ የጽጌረዳ ቅጠል የመበተኑ ፋሽንም ቢቀር ይሻላል፤ ያ ጽጌረዳ ለመብል አልበቀለም።

ከእርሻዎቹ ወገን የሚቀርበውም መልስ ባዶ አይደለም። የሀገሪቱ የሆርቲካልቸር አምራችና ላኪዎች ማኅበር የነሐስ፣ የብርና የወርቅ ደረጃ ያለው የአሠራር ደንብ አለው። ደንቡ የመድኃኒት አያያዝን፣ የሠራተኛ ደኅንነትንና ፍሳሽን ይመለከታል። ቀይ ሸረሪትን የሚበሉ ጥቃቅን አዳኞችን ግሪን ሃውስ ውስጥ በመልቀቅ ርጭት የቀነሱ እርሻዎች አሉ። ዝዋይ ላይ ፍሳሹን በሰው ሠራሽ ረግረግ የማጣራት ሥራ ተጀምሯል። ዘርፉ ለብዙ ሺህ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ እንጀራ መሆኑም እውነት ነው።

ተቺዎቹ ደግሞ እንዲህ ይላሉ። ደንቡን የሚያስከብረው የውጭ ገዢ ነው፤ እሱ ያልጠየቀውን ማን ይጠይቃል? ለም መሬት ከጤፍና ከስንዴ ወደ አበባ ሲዞር ገበሬው የተከፈለው ካሳ በቂ ነበር? ሥራው አለ፤ ደመወዙስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢልም፣ ለግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል ሳይወጣለት ዓመታት አልፈዋል።

በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገን የሚዘልለው አንድ ነገር አለ። የምስክር ወረቀቱ አበባውን ተከትሎ ወደ አዲስ አበባ አይመጣም። አምስተርዳም ያለው ገዢ እርሻው ምን ደረጃ እንዳለው መጠየቅ ይችላል። ከእርሻዎቹ አጠገብ የምንኖር እኛ ግን ባልዲው ላይ የእርሻውን ስም እንኳ አናይም።

ከግሪን ሃውስ ውጭ ያለው አበባ

የሀገር ውስጥ አበባ ሲባል ጽጌረዳ ብቻ የሚታሰበን ለምን እንደሆነ አላውቅም። በመስከረም እንጦጦንና ሱሉልታን ቢጫ የሚያለብሰው አደይ አበባ ያለ መድኃኒት፣ ያለ መስኖ፣ ያለ ፕላስቲክ የሚበቅል ነው። «አበባየሆሽ» እያሉ የሚዞሩ ልጆች ይዘውት የሚመጡት እቅፍ፣ ውጭ ሀገር ሰዎች በንቅናቄ ሊደርሱበት የሚደክሙለት ዓይነት ነው። ወቅታዊ፣ ቅርብና በጨርቅ ወይም በሣር የታሰረ።

ግን እሱም ነጻ አይደለም። አደይ የሚራባው በዘሩ ነው። ዘር ሳይጥል ከሥሩ የተነቀለ ለከርሞ አይመለስም። በመቀስ መቁረጥና ከአንድ ቦታ ጠራርጎ አለመውሰድ የሚመከረው ለዚህ ነው። ትልቁ ስጋት ግን ልጆቹ አይደሉም፤ ግንባታው ነው። በከተማዋ ዙሪያ የእርሻ ድንበሩና የግጦሽ ሜዳው ቤት እየሆነ ነው፤ አደይም አብሮ ይሸሻል።

ቄጠማም እንደዚሁ ነው። ከረግረግ ይታጨዳል፤ ሥሩ ካልተነካ መልሶ ይበቅላል። ረግረጉ ከደረቀ ግን አለቀ። አሁን ብዙ ቤትና ሆቴል ፕላስቲክ ሣር ማንጠፍ ጀምሯል። ጠረን የለው፣ እርጥበት የለው፤ ሲያረጅም መሄጃ የለው።

ከዱሩ ሌላ በሜዳ የሚለማም አለ። ግላዲዮለስ፣ ዳሊያ፣ ክሪሳንተመም፣ የፈረንጅ ሱፍ፣ ነጩ ካላ። በደጋው ያለ ግሪን ሃውስ ይበቅላሉ። ማሟያ ቅጠሉ ደግሞ ጓሮ ሞልቷል፦ የጥብስ ቅጠል፣ አሪቲ፣ ጠጅ ሣር፣ ጤና አዳም። እነዚህን ከጥቂት ጽጌረዳ ጋር ያጣመረ እቅፍ ከውበቱ ሌላ ይሸታል፤ የኤክስፖርት ጽጌረዳ ባብዛኛው አይሸትም። ለረጅም ጉዞና ለዕድሜ ሲዳቀል ሽታው ወደ ኋላ ቀርቷል።

ታዲያ ለምን አይበዛም? አንደኛው ምክንያት ውርጭ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር መጀመሪያ ሱሉልታና ሆለታ ላይ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፤ ለጥር ሰርግ ያለሙት ዳሊያ በአንድ ሌሊት ይጠቁራል። ሁለተኛው ገበያው ነው። ዲኮር የሚሠራ ሰው 300 ፍሬ አንድ ዓይነት ነጭ አበባ በአንድ ቀን ይፈልጋል። ከአንድ ጥማድ ባነሰ መሬት የሚያለማ ገበሬ ለብቻው ይህን አያደርስም። ከሦስት ከአራት ጎረቤት ጋር ከተቀናጀ ሌላ ነው።

አረንጓዴው ስፖንጅ

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። በወረቀትና በፌስታል ክርክር መሃል ተሸፍኖ የቀረ ነገር አለ። አበባ የሚሰካበት አረንጓዴ ስፖንጅ። በብዙ መድረክ፣ በመኪና ማስጌጫና በለቅሶ ጉንጉን አበባ ውስጥ ተደብቆ አለ። ውኃ ይጠጣል፣ አበባውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ሥራ ያቀላል። ባለሙያዎች ቢወዱት አይገርምም።

ግን ስፖንጁ ፕላስቲክ ነው። የተፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1954 አሜሪካ ውስጥ ሲሆን፣ የሚሠራው ፌኖልና ፎርማልዲሃይድ ከሚባሉ ኬሚካሎች ውህድ ነው። በጣት ሲነካ ይፈረፈራል። ፍርፋሪው ማይክሮፕላስቲክ ነው፤ ማለትም ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰ የፕላስቲክ ቅንጣት። የአበባ ማስቀመጫው ውኃ ሲደፋ አብሮ ወደ ቱቦ፣ ከዚያ ወደ ወንዝ ይሄዳል። የአውስትራሊያው አርኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፍርፋሪውን የውኃ ውስጥ እንስሳት እንደሚውጡት፣ የሚለቀው ኬሚካልም እንደሚጎዳቸው አሳይተዋል። የእንግሊዝ ንጉሣዊ የአትክልት ማኅበር ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በትርኢቶቹ ላይ ከልክሎታል።

ምትኩ አዲስ ፈጠራ አይጠይቅም። የዶሮ ቤት ወንፊት ሽቦ ተጠቅልሎ ማሰሮ ውስጥ ቢገባ አበባ ይይዛል፤ ታጥቦ ለዓመታት ያገለግላል። ጃፓኖች በመርፌ የተሞላ ከባድ የብረት መደብ ይጠቀማሉ። ከሁሉም የቀለለው ቅርንጫፍ አቆላልፎ በዚያ መሃል መሰካት ነው። ጊዜ ይወስዳል፤ እውነት ነው። ባለሙያው ለዚያ ጊዜ ቢያስከፍል ደንበኛው ምክንያቱን ሊረዳ ይገባል።

የመጠቅለያውን ነገር በአጭሩ እንለፈው። አዋጁ ያነጣጠረው የፕላስቲክ ከረጢት ላይ ነው። አበባ የሚጠቀለልበት የሚያንጸባርቅ ላስቲክ ግን ቆሻሻነቱ ከፌስታል አያንስም። ቡናማው ወረቀትም ሁሌ ወረቀት አይደለም። ውኃ እንዳያስገባ ብለው በስስ ፕላስቲክ የለበጡት አለ። ጠርዙን ቀደድ አድርጎ ማየት ነው፤ ከተለጠጠ ፕላስቲክ አለበት።

«አንዴ ተገዝቶ ሺህ ጊዜ»

የፕላስቲክ አበባ ደጋፊዎች ክርክር ቀላል አይደለም። ዲኮር አከራዮች አንዱን የአበባ ግድግዳ ለብዙ ሰርግ ያከራዩታል። ትኩስ አበባ ደግሞ በማግስቱ ቆሻሻ ነው። የፕላስቲኩ ውኃ አይጠጣም፣ መድኃኒት አይረጭበትም።

የዚህ ክርክር ጥንካሬ ያለው «ብዙ» በሚለው ቃል ላይ ነው። በትክክል የሚከራይ፣ የሚታጠብና የሚጠገን ከሆነ ያስኬዳል። ምግብ ቤት ጣሪያ ላይ ተሰቅሎ፣ አቧራ ጠጥቶ በዓመቱ የሚጣለው ግን ሌላ ነው። ባብዛኛው ቻይና የተሠራ የፖሊስተርና የሽቦ ቅልቅል ስለሆነ እንደገና ጥቅም ላይ ለማዋል አይለይም፤ አይበሰብስም። ሆለታን አጠገቧ ይዛ ከቻይና አበባ የምታስመጣ ከተማ መሆናችን ትንሽ ያስቃል።

ትኩሱም ቢሆን ንጹሕ የሚሆነው እንደ አወጋገዱ ነው። ከሽቦው፣ ከሪባኑና ከስፖንጁ ጋር ተጠቅልሎ ረጲ ቆሻሻ መጣያ ከተደፋ፣ አየር በሌለበት ይበሰብሳል፤ ሜቴን የሚባለውን ጠንካራ የሙቀት አማቂ ጋዝ ይለቅቃል። ተለያይቶ ከሄደ ግን ብስባሽ ነው። ለብስባሹ ፈላጊ አለ፤ በየመንገዱ ዳር ያሉት ችግኝ ጣቢያዎች የኮሪደር ልማቱ ካመጣው የአበባና የችግኝ ፍላጎት ጋር አፈርና ብስባሽ እየገዙ ነው።

ገዢ ምን ሊያደርግ ይችላል?

መጠየቅ። «ከየትኛው እርሻ ነው? መቼ ተቆረጠ? ያለ ስፖንጅ ልትሠራልኝ ትችላለህ?» ሻጩ መጀመሪያ ላይ መልስ ላይኖረው ይችላል። አሥር ደንበኛ ከጠየቀው ግን አቅራቢውን ይጠይቃል።

ድግሱን ከወቅቱ ጋር ማስማማትም ይረዳል። በጥር ቀይ ጽጌረዳ ላይ ሙጭጭ ከማለት ቅጠልና ጥቂት አበባ ያበዛ ዲኮር መምረጥ ይቻላል። ለሚዜዎች በአጭር ዘንግ የተሠራ ትንሽ እቅፍ ያምራል፤ ዋጋውም ይቀንሳል።

ቤት ውስጥ ደግሞ ዕድሜውን ማርዘም ነው። አራት ቀን የሚቆይን አበባ ስምንት ቀን ማቆየት የግዢውን ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል። ዘንጉን በስለት አግድም ሳይሆን ሰያፍ መቁረጥ። ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ማራገፍ። ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ትንሽ ሎሚና ጥቂት ጠብታ በረኪና፤ ስኳሩ ይመግባል፣ በረኪናው ባክቴሪያውን ይገታል። ከሙዝ አጠገብም አለማስቀመጥ፤ ሲበስል የሚለቀው ኤቲሊን የተባለ ጋዝ አበባን ቶሎ ያረግፋል።

ቀጥሎ ምን ሊመጣ ይችላል?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ዶላር በብር ሲመነዘር እጥፍ አልፏል። ይህ አበባውን በሁለት አቅጣጫ ይጎትተዋል። ላኪው ከእያንዳንዱ ፍሬ የሚያገኘው ብር ስለጨመረ ለሀገር ውስጥ ገበያ የመተው ፍላጎቱ ይቀንሳል፤ የከተማው ዋጋ ይወጣል። በሌላ በኩል ከውጭ የሚመጣው ስፖንጅ፣ ሪባንና የፕላስቲክ አበባም ተወድዷል። ትናንት ርካሽ የነበረው ምርጫ ዛሬ ርካሽ አይደለም።

በዚህ መሃል ለሜዳ አበባ አልሚው ክፍተት ይፈጠራል። ለክፍተቱ መደፈን የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ ጥቂት ማቀዝቀዣ፣ ከውርጭ የሚከልል ቀለል ያለ መሸፈኛ፣ ገዢና አብቃይ ማልደው የሚገናኙበት ቋሚ የጅምላ ቦታ። ከከተማ አስተዳደሩም ሆነ ከሸገር ከተማ በኩል ለአትክልትና ፍራፍሬ የተሠራው ዓይነት የገበያ ማዕከል ለአበባም ጥግ ቢሰጠው፣ እርሻዎቹም በዚያ በኩል ሲሸጡ የእርሻቸውን ስምና የደንብ ደረጃ እስሩ ላይ እንዲለጥፉ ቢገደዱ፣ የሰበታ ጽጌረዳ ገዢ የአምስተርዳሙ ገዢ የሚያውቀውን ያህል ያውቃል።